አምሳያና እውነት

ሰው ዕውቀትን በልዩ ልዩ መንገድ ይገበያል። አንዱ በመስማት፣ ሁለተኛው በማየት፣ ሦስተኛው በእጅ ሠርቶ በመሞከር ነው። በእኛ የተማሪነት ዘመን የሳይንስ ትምህርት ይሰጠን የነበረው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው መንገድ ነበር። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ የጻፈውን እንገለብጣለን፤ የገለበጥነውን በቃላችን እናጠናለን፤ ያጠናነውንም በፈተና ቀን መልሰን እንጽፋለን። ስለ ቅሪተ አካል ተጠይቀን ሙሉ ነጥብ ስናገኝ፣ ቅሪተ አካል የተባለውን ነገር ግን በዐይናችን አይተን አናውቅም ነበር። የዛሬ ልጆች ዕድላቸው ከእኛ ይሻላል። በቤተ መዘክር ያዩታል፤ በቪዲዮ ጨዋታም ውስጡ ገብተው ይመላለሱበታል። ይሁን እንጂ የሚያዩትም የሚጫወቱትም ብዙውን ጊዜ አምሳያ ነው። ታዲያ በአምሳያ አማካይነት እውነትን መማር ይቻላልን?

ይኽን ጥያቄ ያነሣብን አንድ የግል ገጠመኝ ነው። የ13 ዓመት የእኅታችን ልጅ በ2011 ዓ.ም. የወጣውን «አንሴስተርስ» የተባለ የቪዲዮ ጨዋታ ሲጫወት ሰነበተ። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በፊት በአፍሪካ የኖሩ ዝንጀሮ መሰል ፍጥረታትን መንጋ ይመራል፤ እያሸተተና እየዳሰሰ፣ ከአውሬም እየሸሸ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ በሁለት እግር ወደ መሄድ ያደርሳቸዋል። ልጁ ነገሩ ቢማርከው፣ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዘክር እንድንወስደው ለመነን። ድንቅነሽን በመስተዋቱ ውስጥ ባየ ጊዜ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይኽ የራሷ አጥንት ነው?» ሲል ጠየቀን። አምሳያ መሆኑን እናውቅ ነበር። ነገር ግን ደስታውን እንዳንሰብርበት ብለን፣ «አዎን፣ የራሷ ነው» አልነው። ጥቂት ቈይቶ አስጎብኚው ለሌሎች እንግዶች፣ ዋናው አጥንት በልዩ ጥበቃ እንደ ተቀመጠና ይኽ አምሳያው እንደ ሆነ ሲያስረዳ ልጁ ሰማ። ቀና ብሎ አየን እንጂ አንዳች ቃል አልተናገረም።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን የነገርነውን ሁሉ «እንዴት ታወቀ?» እያለ ይመረምረን ጀመር። ጥያቄው ከቅሬታ የመነጨ ቢሆንም፣ የሳይንስ በር የሚከፈተው በዚሁ ጥያቄ ነው። እኛም አስጎብኚው እየረዳን ለመመለስ ሞከርን። ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር ላይ ያገኙት በብዙ መቶ የተቈጠረ ስብርባሪ ነበር። የአንዲት ፍጥረት መሆኑ እንዴት ታወቀ? ከስብርባሪው መካከል አንዱ አጥንት ሁለት ጊዜ አልተገኘምና። በሁለት እግሯ መሄዷስ? የጭኗ አጥንት ወደ ጉልበቷ ሲወርድ እንደ እኛው ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነው፤ ዳሌዋም ይኸንኑ ይመሰክራል። 3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኑስ? በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ስለሚለወጥ፣ የጋዙ መጠን እንደ ሰዓት ይነበባል። እንዴት ሞተች ለሚለው ግን አንድ መልስ የለም። በ2008 ዓ.ም. አንዳንድ ሊቃውንት ከዛፍ ወድቃ ነው ቢሉ፣ ጆሃንሰንን ጨምሮ ሌሎች አልተቀበሏቸውም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ጨዋታው ግን እንዲህ አያስጠብቅም፤ ለእያንዳንዱ ሙከራ ወዲያው መልስ ይሰጣል። ይኽ ትልቅ በጎነት አለው። እኛ የመምህር አለንጋ ፈርተን ያልጠየቅነውን፣ ልጁ መቶ ጊዜ ተሳስቶ ያለ ኀፍረት ያርመዋል። ሆኖም በጨዋታው ወላጅ በልምምድ ያገኘውን ችሎታ ልጅ ይወርሰዋል። በተፈጥሮ ግን አባት በሥራ ያጠነከረው ክንድ ለልጁ አይተላለፍም፤ ከልደት ጋር ከሚመጣው ጥቂት ልዩነት ለኑሮ የተመቸው ብዙ ዘር እየተካ ይሄዳል እንጂ። ደግሞም ጨዋታው የሚደረስበት ግብ አለው፤ ድንቅነሽ ግን ወደ እኛ ለመድረስ አልተጓዘችም፤ የራሷን ዕለት ኖረች እንጂ። በዚህ ጨዋታውን አንወቅሰውም፤ ስሙ ራሱ ጨዋታ ነውና። ጥፋቱ የሚመጣው አምሳያውን እውነት ነው ብሎ የሚሰጥ ሰው ሲገኝ ነው።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሐሰት የነበረው አምሳያው አልነበረም። እርሱ ከእውነተኛው አጥንት ተቀድቶ፣ ማንነቱም በግልጥ ተነግሮለት የቆመ ነው። ሐሰቱ የእኛ ቃል ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ይኽንኑ ለልጁ ነገርነው። እርሱም ጥቂት አሰበና፣ «ጋሼ፣ አምሳያ ነው ቢሉኝም እኮ ደስ ይለኝ ነበር» አለን።

እነሆ፣ ለተነሣንበት ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘንም። አምሳያ እውነትን ሊያስተምር ይችላል፤ ነገር ግን የሚያሳየው ሰው፣ ይኽ ይመስላል፣ ይኽ ግን አይመስልም፣ ይኽን ደግሞ ገና አላወቅነውም ብሎ ለመናገር መድፈር አለበት። የልጅ መደነቅ በሐሰት ድጋፍ የሚቆም አይደለም። እኛ ታላላቆች ልንጠብቅለት የሚገባን ደስታውን ብቻ ሳይሆን፣ «እንዴት ታወቀ?» ብሎ የሚጠይቅበትን እምነት ጭምር ነው።