የተሸነፉ ዕለት ተገኝላቸው

ልጄ፣

ቅዳሜ ማታ ስትደውልልኝ ድምፅህ የሐዘንተኛ ድምፅ ነበር። ሰው የሞተ መስሎኝ ደንግጬ ተነሣሁ። ቆይተህ ነው የዩኒቨርሲቲያችሁ የቅርጫት ኳስ ቡድን መሸነፉን የነገርከኝ። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ እዚያ ሜዳ እግሬን አላነሣም፤ ሲያዋርዱን ቆሜ አላይም» አልከኝ። እኔም «አብሽር» ብዬህ ስልኩን ዘጋሁት። ሌሊቱን ሳስበው ግን በ«አብሽር» ብቻ የሚታለፍ ነገር ሆኖ አላገኘሁትም።

በጨዋታ ማዘንህን አልንቅብህም። የሚወደው ሲሸነፍ የማያዝን ሰው መውደዱ ያጠራጥራል። የምመክርህ ካዘንክ በኋላ ስለምታደርገው ነገር ነው።

እዚሁ ውጫሌ በወጣትነቴ ሳስተምር የተማሪዎቹን የእግር ኳስ ቡድን የማሠለጥነው እኔ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ሐይቅ ከተማ ሄደን ተጫወትን። ጠዋት ስንነሣ የሸኘን ሰው ብዛቱ ለጉድ ነበር። እናቶች መረቁን፤ ሕፃናት ከጭነት መኪናው ኋላ እየሮጡ እስከ ከተማው መውጫ ተከተሉን። እዚያ ደርሰን 4 ለ 0 ተሸነፍን። ለዓይን ሲይዝ ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ገብቶ ኖሮ መንገዱ ላይ አንድ ሰው አልጠበቀንም። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ትንፍሽ የሚል የለም።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ግን አንድ ፋኖስ ይታየናል። ዘበኛው ነበሩ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ፋኖሱን ከፍ አድርገው፣ ልጆቹ ከመኪናው ሲወርዱ ፊት ፊታቸውን እያዩ አንድ በአንድ ቆጠሯቸው። ስንት ገባባችሁ ብለው አልጠየቁም። «የተጎዳ አለ?» ነው ያሉት። አንዱ ያነክስ ነበርና ትከሻቸውን ሰጥተው አስገቡት። ከዚያ ኳሷን ከእጄ ተቀበሉኝ፤ ተንፍሳ ነበር። ሰኞ ጠዋት ስገባ የተቀደደውን ቦታ በከመነዳሪ ቁራጭና በማስቲሽ ለጥፈው፣ ነፍተው፣ ጠረጴዛዬ ሥር አስቀምጠውልኝ አገኘሁ።

እኒህ ሰው ኳስ ሲመቱ አይቼ አላውቅም። የጨዋታውን ሕግም አጥርተው የሚያውቁት አይመስለኝም። ዛሬም ድረስ ግን «ደጋፊ ማን ነው?» ብባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ፋኖስ ነው። የጠዋቱ ሸኚ የወጣው ድል ይመጣል ብሎ ነበር፤ ድሉ ሲቀር እሱም ቀረ። ዘበኛው የጠበቁት ልጆቹን ስለሆነ ሽንፈቱ አላስቀራቸውም።

እንግዲህ ዋናው ምክሬ ይኸው ነው፦ ቡድንህ የተሸነፈ ዕለት ተገኝ። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ ከምሳሮቹ አንዱ አትሁን። በመጨረሻዋ ደቂቃ ሁለት የቅጣት ውርወራ ሳተ ብለህ የረገምከውን ልጅ አስበው። ከቅርጫቱ ፊት ብቻውን ቆሟል፤ ቀለበቱ ከመሬት 3.05 ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ ጉልበቱ ዝሏል፤ የሰው ሁሉ ዓይን ትከሻው ላይ ነው። ያ ልጅ ማታውን ካፌ ውስጥ ትሪውን ይዞ ካንተ ኋላ ተሰልፎ ነበር ብለኸኛል። ያን ጊዜ ዞር ብለህ «አይዞህ» ብትለው ኖሮ የዓመቱ ትልቁ ድጋፍህ እሱ በሆነ ነበር።

እዚህ ከተማችን ቅዳሜና እሑድ ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ መቀመጫ እንደማይገኝ ታውቃለህ። አንዱ የአርሴናልን ማልያ፣ አንዱ የማንቸስተርን ለብሶ ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮኻል። በዚህ አልፈርድም፤ የሩቁን ጥበብ ማድነቅ ዓይንን ያሰፋል። ግን ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። የአርሴናል ስታዲየም ከ60 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል፤ አንተ ብትቀር የሚጎድል ነገር የለም። በእናንተ ሲሚንቶ ሜዳ ዳር ግን አርባ ሰው በቆመበት አንድ ሰው ሲቀር ይታወቃል። መቅረትህ የሚታወቅበት ቦታ መገኘትህም ዋጋ ያለው እዚያ ነው።

አሜሪካኖች ይህ ገብቷቸዋል። ዱክ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ አዳራሹ 9,314 ሰው ብቻ የሚይዝ ነው። ተማሪዎቹ ለታላላቅ ጨዋታዎች ለመግባት በክረምቱ ብርድ ከደጁ ድንኳን ተክለው እያደሩ ተራ ይጠብቃሉ፤ ልማዱ በእኛ አቆጣጠር ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ነው። ይህን ያህል የሚያስከፍላቸው ፍቅር ከምን መጣ ብትል፣ ሜዳ ላይ የሚሮጠው ልጅ በዚያው ግቢ አብሯቸው የሚማር ስለሆነ ነው። ጨዋታው ራሱ የተወለደው ከክፍል ውስጥ ነው። በ1884 ዓ.ም. ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ የስፖርት መምህር ስፕሪንግፊልድ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ተማሪዎቹ ክረምቱን ቤት ውስጥ የሚጫወቱት ነገር ፈልጎ የኮክ ቅርጫት ከአዳራሹ ሰገነት ላይ ሰቀለላቸው። አሥራ ስምንት ተማሪዎች ነበሩት፤ ዘጠኝ በዘጠኝ ሆነው ተጫወቱ። መምህር ነበርኩና ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። የቅርጫት ኳስ ከሥር መሠረቱ የክፍል ጓደኞች ጨዋታ ነው፤ አንተም የምትደግፈው የክፍል ጓደኞችህን ነው።

ትዕግሥትን ከፈለግህ ደግሞ አገር ውስጥ መምህር ሞልቷል። የኢትዮጵያ ቡናን ደጋፊዎች ተመልከት። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ቡና ዋንጫውን ያነሣው አንድ ጊዜ፣ በ2003 ዓ.ም. ብቻ ነው። ጎረቤቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዋንጫ ሲደራርብ የቡና ልጆች ማልያቸውን አላወለቁም፤ ዝማሬያቸውም አልቀነሰም።

ብሔራዊ ቡድናችንንም አስብ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ አነሣን። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ፤ ያደግሁት ግን በዚያ ወሬ ነው። ከዚያ በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ሄድን፤ ከሊቢያ በኋላ በሩ ተዘጋ። ሠላሳ አንድ ዓመት! ልጆች ተወልደው፣ ተድረው፣ ወልደው፣ አገራቸውን በአፍሪካ ዋንጫ አንድ ቀን ሳያዩ። በ2005 ዓ.ም. ለመግባት የመጨረሻዋ እንቅፋት ሱዳን ነበረች። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን መጣን፤ አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አግብተው 2 ለ 0 አሸነፍን፤ ከሜዳችን ውጭ ባገባናቸው ሦስት ጎሎች አለፍን። ካርቱም ላይ የገቡት እነዚያ ሦስት ጎሎች በዕለቱ የተሸናፊ ጎሎች ነበሩ፤ ቆይተው ግን በር ከፈቱ። እኔ ያን ቀን ያለቀስኩት ለጎሎቹ አልነበረም። ሠላሳ አንዱን ዓመት ሲጠብቁ ኖረው ያቺን ቀን ሳያዩ ያለፉ ጓደኞቼ ትዝ ብለውኝ ነበር።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ካንተ ዕድሜ አልበልጥም ነበር። የመርሳ ከተማ ልጆች ሊጫወቱ ወደ እኛ መጡ። ከጎል ኋላ ቆሜ በረኛቸውን ስሰድበው ዋልኩ። ጫማው የተቀደደ ነበርና በድህነቱ ሰደብኩት። ሰው እየሳቀልኝ ሲሄድ እናቱን ጨመርኩ። ልጁ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየኝና ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ከጥቂት ወራት በኋላ ለዘመድ ሠርግ መርሳ ሄድኩ። ዳሱ ውስጥ ተቀምጬ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዞ ሊያስታጥበኝ የመጣው አስተናጋጅ ያ በረኛ ሆነ። አወቀኝ። ጎንበስ ብሎ ውሃውን ቀስ አድርጎ እጄ ላይ አፈሰሰና «እንኳን ደህና መጣህ» አለኝ። ያን ዕለት እንጀራው አልዋጥ አለኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ ጉልበት ሳላገኝ ሠርጉ ተበተነ፤ ይህ እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ተጋጣሚ ቡድን ወደ ሜዳህ ሲመጣ እንግዳህ ነው። ወሎ ደግሞ እንግዳን እንዴት እንደሚቀበል ላንተ አልነግርህም፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤት ተጋብቶ፣ በአንድ ሠርግ ለየብቻ አርዶ የሚያበላ አገር ልጅ ነህ። የሜዳው እንግዳም ከዚህ ወግ አይወጣም።

«ጋሼ፣ እኛ እኮ በተጋጣሚ ላይ ለቀልድ ነው የምንዘፍነው» እንደምትለኝ አውቃለሁ። አንተ ግን የውጫሌ ልጅ ነህ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመውን የውጫሌ ውል ታሪክ ከጡት ጋር ጠብተኸዋል። አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው አጤ ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም ይችላሉ የሚል ነበር፤ በጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆነ። አንዱ ውል በሁለት ጆሮ ሁለት ውል ሆኖ ተሰማ፤ መጨረሻው ዓድዋ ነው። በሜዳ ዳር የምትዘፍነውም እንደዚያው ነው፤ ባንተ ጆሮ ቀልድ የሆነው በእንግዳው ጆሮ ስድብ ይሆናል። ካፍ ከወጣ አፋፍ! ከመዝፈንህ በፊት በእንግዳው ጆሮ ስማው።

ይህ የፈሪ ሽማግሌ ስጋት እንዳይመስልህ። ወልድያ ቅርባችን ናት። ጥር 2009 ዓ.ም. ከ25 ሺህ ሰው በላይ የሚይዘው ስታዲየሟ ሲመረቅ እኛም ደረታችንን ነፍተን ነበር። ዓመት ሳይሞላው፣ ኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልድያና መቐለ ከተማ ሊያደርጉት የነበረው ጨዋታ ግጭት ተነሥቶ ሳይካሄድ ቀረ። ሰው ተጎዳ፤ ንብረት ወደመ። ኳስ አየር ላይ ሳትወጣ ድንጋይ ወጣ። ከዚያ በኋላ በዚህ አገር የሆነውን ሁሉ አይተሃል፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደጃችን ድረስ መጥቷል። ጥላቻ ከሜዳ ዳር ተጀምሮ ሜዳ ዳር አይቆምም።

መደገፍ ካማረህ በዜማ ደግፍ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ አምባሰል ተብሎ በዚህ አገር ስም ይጠራል። ከዚህ መንደር የወጣ ልጅ የራሱን ተጫዋች በስሙ እየጠራ የሚያወድስበት ግጥም አያጣም። የራስህን አሞግስ እንጂ የሰውን አታንኳስስ።

ሌላም አንድ ነገር አለ። በቡድንህ ቁማር አትጫወት። በኪስህ ያለው ስልክ ቤቲንግ ቤት ሆኗል። መጀመሪያ ቡድኔ ያሸንፋል ብለህ ትቆርጣለህ። ቆይተህ ሲከፋህ ይሸነፋል ብለህ ትቆርጣለህ። ያን ዕለት ሜዳ ዳር ቆመህ የጓደኛህን መሳት በልብህ ትመኛለህ፤ ከዚያ በኋላ ደጋፊ አይደለህም። ለቤቲንግ የምታወጣውን አንድ ሳምንት አጠራቅመህ ለተጫዋቾቹ ውሃና ሙዝ ግዛበት፤ ኳሷን ለማስጠገንም ይሆናል። በአገራችን ብዙ ክለብ የሚኖረው ከመንግሥትና ከከተማ አስተዳደር በሚቆረጥ በጀት ነው፤ ደጋፊ ከኪሱ ማዋጣት ካልለመደ በጀቱ የደረቀ ዕለት ቡድኑም አብሮ ይደርቃል። ይህን ልማድ ከአሁኑ ያዝ።

ትምህርትህንም አትርሳ። አንድ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ አራት ጊዜ አሥር ደቂቃ ነው፤ ከዕረፍቱና ከመቋረጡ ጋር ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ይህ ማንንም ከትምህርት አያስቀርም። የሚያስቀረው ከጨዋታው በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ዶርም ውስጥ የሚቀጥለው ክርክር፣ በማግስቱ የሚደገመው ኩርፊያ ነው። ሁለቱን ሰዓት ለቡድንህ ስጥ፤ ሌላውን ለመጽሐፍህ። ከዶርም ጓደኛህ ጋር በዚህ ጉዳይ ተቀያይሜአለሁ ብለኸኛል። ይህን ደብዳቤ እንደጨረስክ ተነሥተህ ቡና ጋብዘው። ይቅርታ ሲዘገይ እንዴት እንደሚከብድ ከላይ ነግሬሃለሁ።

ዘበኛው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። የቀብራቸው ዕለት ቃሬዛውን እየተቀባበሉ ከተሸከሙት ጎልማሶች መካከል ያን የአራት ለባዶ ቅዳሜ የተሸነፉት ልጆች ነበሩ። ከአዲስ አበባ ሌሊቱን ተጉዞ የደረሰ ነበረ፤ ከኮምቦልቻ ሥራውን ጥሎ የመጣ ነበረ። የፊተኛውን እግር የያዘው በዚያ ማታ ያነክስ የነበረው ነው። ከትከሻው ሊቀበሉት ቢመጡ «ትንሽ ልሂድበት» እያለ እስከ መጨረሻው አልሰጠም።

ማክሰኞ ልምምድ አላቸው ብለኸኛል። ሰው አይመጣም፤ ስለዚህ ሂድ። ያ ቅጣቱን የሳተው ልጅ ሲወረውር ኳሷን እያነሣህ መልስለት።

ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅህ፤ ዕድሜ ከጤና ይስጥህ፤ ባዘንክበት ቀን ፋኖስ ይዞ የሚጠብቅህ ሰው አያሳጣህ፤ አንተንም ለሌላው ፋኖስ ያዥ ያድርግህ። አሜን።

አጎትህ፣ ከውጫሌ