ለመጣው ነው ወይስ ለቀረው?

ሰኔ ነበር፤ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ሊጀመር ሳምንት የቀረው ሰኞ። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አድሮ ጠዋትም አላባራም። ከአያት ተነሥቼ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ስንቀጠቀጥ ቆይቼ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ወደማስተምርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ስደርስ ሰንደቅ ዓላማው አልተሰቀለም፤ ሰልፍም የለም። ምግብ የሚያበስሉት እናቶች ግን ከሁላችን ቀድመው ደርሰዋል፤ ከማብሰያው ቤት ጭስ ይወጣል። አራተኛ ክፍል ገባሁ። ከ52 ተማሪ 11 ተቀምጠዋል።

አንዷ ልጅ ደብተሮቿን በፌስታል ጠቅልላ እንዳቀፈች ናት። ካልሲዋን አውልቃ ዴስኩ ላይ አስጥታዋለች። ፌስታሉን ፈትታ ደብተሯን ስታወጣ አየኋት፤ አንድ ገጽ እንኳ አልረጠበም። እሷ ግን እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት። «ቲቸር፣ ዛሬ እንማራለን?» አለችኝ። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ቀበል አድርጎ «ምግብስ አለ?» አለ። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ነበረኝ። የመጀመሪያውን ይኸው እስከ ዛሬ አስበዋለሁ።

ባስተምር አዲሱ ትምህርት 11 ልጆች ጋ ደርሶ 41ዱን ያልፋቸዋል። የቀሩት ደግሞ ስላልፈለጉ አልቀሩም፤ አንዱ ጫማው አንድ ብቻ ነው፣ ሌላዋ የምትሻገረው ወንዝ ሞልቷል። ባላስተምር ያን ሁሉ ጭቃ ጥሶ ለመጣ ልጅ «ባትመጣ ይሻልህ ነበር» ማለቴ ነው። ልጅ ይህን አንድ ጊዜ ከሰማ በሚቀጥለው ዝናብ ከብርድ ልብሱ አይወጣም። ለመጣው የሚገባው ለቀረው ይጎድላል፤ ለቀረው የሚታሰብለት ከመጣው ላይ ይወሰዳል። ፍትሕ የሚባለው ትልቅ ቃል በዚያች በምታፈስ ክፍል ውስጥ እንዲህ ሆኖ ነው የጠበቀኝ።

እንግዲያው ትምህርት ቤቱ ራሱ ቢዘጋስ? በእንደዚያ ያለ ጠዋት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይህ ሳይነሣ አይቀርም። እውነቱን ለመናገር እኔም ብዙ ጊዜ ተመኝቼዋለሁ። የመምህርን መንገድ ማንም አይጠይቅም፤ የእኛም ጫማ ውኃ ያስገባል፣ የእኛም ልጅ ታሞ ቤት ይተኛል። ምኞቱ ነውር የለበትም። ጥያቄው መዝጋቱ የሚምረው ማንን ነው የሚለው ነው።

አገራችን በክፉ የአየር ጠባይ መዝጋትን በደንብ ታውቃለች። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ከአዲስ አበባ የዓመት ዝናብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል፤ እነዚህን ሁለት ወሮች ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ይቆረጣል፣ ገበሬውም የልጁን እጅ ይፈልጋል። ለረጅም ጊዜ ያላየነውን ሰው «እንዴት ከረምክ?» የምንለው ከዚሁ ከክረምት ጋር ዘሩ አንድ በሆነ ቃል ነው፤ መለያየት በቋንቋችን ዝናብ ዝናብ ይላል። ይህን መዝጋት ፍትሐዊ የሚያደርገው ሁሉም አስቀድሞ ማወቁ ነው። ማንም በር ላይ ደርሶ አይመለስም።

ዝናብ ግን የቀን መቁጠሪያ አይጠብቅም። በልጉ በሚያዝያ ይመጣል፤ ሰኔም ፈተናውንና ዶፉን አብሮ ያመጣል፣ ሰኔና ሰኞ ገጠመ እንደሚባለው። ያኔ መዝጋት የጠዋት ውሳኔ ይሆናል። የጠዋት ውሳኔ ደግሞ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ከመንገዱ ማዶ ባሉት የግል ትምህርት ቤቶች «ዛሬ ትምህርት የለም» የሚለው መልእክት በቴሌግራም ይላካል፤ ወላጅ ያነበዋል፣ ሰርቪሱ ይቀራል፣ ልጁም እንቅልፉን ይቀጥላል። የእኛ ልጆች ከቤት የሚወጡት ገና ሳይነጋ ነው፤ የብዙዎቹ እናቶች ደግሞ በሰው ቤት ሥራ ላይ ናቸው። የመዘጋቱ ወሬ መጨረሻ የሚደርሰው መጀመሪያ ከቤት ለወጣው ልጅ ነው። እርሱም የሚሰማው በሩ ላይ ከዘበኛው አፍ ነው። ተመልሶ የሚሄድበት ቤት ተቆልፏል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ይቀርባል፤ ስለዚህ የተዘጋ ቀን ለዚህ ልጅ የተዘጋ ማዕድ ጭምር ነው። «ምግብስ አለ?» ያለኝ ልጅ ከሁላችን በላይ ጉዳዩ ገብቶታል።

መዝጋት ደግሞ ከመክፈት ይቀላል። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የተባለው ለ15 ቀን ነበር። ክፍሎቻችን ሙሉ ክረምቱን ዝግ ከርመው የተከፈቱት በ2013 ዓ.ም. ነው። በበረዶዋ ምክንያት ትዘጋ የነበረችው ኒው ዮርክ ከዚያ ዘመን ወዲህ ልጆቿን በበረዶ ቀን በኢንተርኔት ከቤት ማስተማር ጀምራለች። እኛ ያን ጊዜ የቤት ሥራ በቴሌግራም በላክንላቸውና ስልክ በሌላቸው ልጆች መካከል የተከፈተውን ልዩነት በዓይናችን ስላየን ያ መንገድ ገና የእኛ አይደለም እላለሁ።

ስለዚህ የተሳሳተው ነገር በሩን ከትምህርቱ ጋር አንድ አድርገን ማየታችን ነው። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ትምህርት ቤቱ ለክረምት ዝግ ነበር፤ ተማሪውና መምህሩ ግን ፊደል ሲያስቆጥሩ ከረሙ። በሩ ተዘግቶ ማስተማር ከተቻለ፣ በሩ ተከፍቶ አዲስ ትምህርትን ለአንድ ቀን ማቆየት እንዴት ያቅታል?

ያን ሰኞ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። አዲሱን ምዕራፍ አልነካሁትም። 11ዱን ወደ ፊት ሰብስቤ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፄን ስለዋጠው እያንዳንዳቸው አጠገብ እየተቀመጥሁ ደብተራቸውን አየሁ። ስለ ምግብ የጠየቀኝ ልጅ ማካፈል ሲሠራ ድርሻውን በትክክል ያገኛል፤ የሚቀንሰውን ቁጥር ግን ያለ ቦታው ይጽፈዋል። ዓመቱን ሙሉ ኤክስ ሲሰጠው የከረመው በዚች ነው። እጁን ይዤ አንድ ጊዜ አሳየሁት፤ ሁለተኛውን ራሱ ሠራው፤ ሦስተኛውን ሳልጠይቀው ጀመረ። ከ52 ልጅ ጋር በ40 ደቂቃ ይህን ማየት አልችልም ነበር። የቀሩትም ምንም አላመለጣቸውም፤ ማክሰኞ ሁላቸውም ከአንድ መስመር ተነሡ፣ ቅዳሜንም ማካካሻ አልወሰደውም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለያለሁ። መዝጋት ሌላ፣ መልቀቅ ሌላ ነው። የከተማችን ኃይለኛ ዝናብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ሳሉ ነው። ያኔ «ዝናቡ ሳይብስ ልቀቋቸው» የሚል ድምፅ ይሰማል። ቱቦው ተደፍኖ አስፋልቱ ሲሞላ፣ ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድ ከቡናማው ውኃ ሥር አይታይም። ትልቅ ሰው የሚፈራውን መንገድ ለአራተኛ ክፍል ልጅ ደብተሩን አስይዘን ልንሰጠው አይገባም። እስኪያባራ ድረስ ከእኛ ጋር ይቆይ፤ ቢመሽም እናቱ መጥታ ትውሰደው። ጎርፍ ያሰጋው ግቢ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው፤ እዚያ ማንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ልጆቹን ወደ ከፍታ ያውጣ።

የትምህርት ቢሮ ኃላፊዎች ሆይ፣ ለዝናብ ቀን አንድ አጭር መመሪያ ጻፉልን፦ በሩ ይከፈት፣ ምድጃው ይለኮስ፣ አዲስ ትምህርት አይሰጥ፣ ፈተና አይፈተን፣ ቀሪ አይመዝገብ፤ ልጆች መቼ እንደሚለቀቁ መንገዳቸውን የሚያውቀው መምህር ይናገር። ባልደረቦቼም፣ ጫማችን እንደሚያስገባ አውቃለሁ፤ ግን የቻልን እንድረስ፣ የደረሰም ልጅ ባዶ ክፍል አይጠብቀው።

የዚያ ሰኞ ስም መጥሪያዬ አሁንም አለ። በ41 ስሞች አንጻር ያለው ሣጥን ባዶ ነው።