ማዕበሉ ባይመጣ ኖሮ

ከምንጠቀምባቸው ቃላት ሁሉ «ኖሮ»ን የሚያህል ተንኮለኛ ያለ አይመስለኝም። «ያን መሬት ባልሸጥኩት ኖሮ»፣ «ያችን ልጅ አግብቻት ቢሆን ኖሮ»፣ «ያን ዕለት አፌን ብዘጋ ኖሮ» እያለ የማይቆጭ ማን አለ? አገርም እንደ ሰው ትቆጫለች። ጠላ ቤት ቁጭ ብለን ማይጨውን በድል የምንጨርሰው በዚችው በ«ኖሮ» ነው። አበው «ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ብለው ነገሩን ባጭሩ ቆርጠውታል። ቆረጡት እንጂ አልጨረሱትም። ባለፈው ክረምት ያፈሰሰው ጣሪያ እኮ ዛሬም ከራሳችን በላይ ያለው ያው ጣሪያ ነው።

ይህን «ኖሮ» የሚሉትን ነገር ሥጋ አልብሶ የሚያሳይ አንድ የአሜሪካ የጦርነት ፊልም አለ። በእነሱ አቆጣጠር በ1980 የተሠራ ሲሆን ስሙ «ዘ ፋይናል ካውንትዳውን» ይባላል። «የመጨረሻው ቆጠራ» ብንለው ያስኬደናል። «ኒሚትዝ» የተባለችው በኒውክሌር ኃይል የምትንቀሳቀስ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ (መርከቧ የእውነት ናት፤ ፊልሙም የተቀረጸው እሷው ላይ ነው) ሃዋይ አካባቢ ስትጓዝ ምንነቱ ያልታወቀ ማዕበል ይውጣታል። መልሶ ሲተፋት ዘመኑ ወደ ኋላ ሄዷል። ቀኑ ኅዳር 27 ቀን 1934 ዓ.ም ነው፤ ጃፓን ፐርል ሃርበር የተባለውን የአሜሪካ የጦር ሰፈር ልትደበድብ አንድ ቀን ቀርቷታል።

ኪርክ ዳግላስ የሚጫወተው የመርከቧ አዛዥ እንግዲህ ሁሉም ነገር በእጁ ነው። ነገ ጠዋት የሚሆነውን ከታሪክ መጽሐፍ ያውቃል። የጃፓኖቹን አሮጌ አውሮፕላኖች እንደ ዝንብ የሚያራግፉ ጄቶች መርከቧ ላይ ተደርድረዋል። ነገ የሚያልቁትም የገዛ ወገኖቹ ናቸው። ከብዙ ክርክር በኋላ «እንገጥማለን» ብሎ ይወስናል፤ ጄቶቹም ተነሥተው ይበራሉ። ተመልካቹ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ «አሁን ጉድ ፈላ!» ሲል ያ ማዕበል ተመልሶ ይመጣል። ጄቶቹ ተመለሱ ይባላሉ፣ መርከቧም ወደ ዘመኗ ትመለሳለች። ፐርል ሃርበርም እንደተደበደበ፣ ከ2,400 በላይ አሜሪካውያንም እንደሞቱ ይቀራሉ። አለቀ።

ይህን ፊልም አይተው «ተበላን!» ያላሉ ሰዎች ጥቂት ናቸው። እኔ ግን ስለ ፊልሙ ከሰማሁት አስተያየት ሁሉ የማይረሳኝ ደጀን ላይ የሰማሁት ነው።

ደጀንን አባይን ተሻግሮ ጎጃም የገባ ሁሉ ያውቃታል። ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ የአባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ የተቀመጠች፣ ዳገቱን ያቃሰተ መኪና ሁሉ ትንፋሹን የሚሰበስብባት ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም ለሥራ ጥቂት ቀናት ሰንብቼባታለሁ። ጊዜው ጃፓኖች በእርዳታ አዲሱን የአባይ ድልድይ የሚሠሩበትና የጎሐ ጽዮን–ደጀንን መንገድ የሚያድሱበት ነበር። ማታ ማታ ሌላ መሄጃ ስላልነበረኝ ቪዲዮ ቤት ገባሁ። አግዳሚ ወንበር፣ በብርድ ልብስ የተጋረደ መስኮት፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን፤ የዘመኑን ቪዲዮ ቤት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ፊልሙ ሲያልቅ ግን ሰው አልተበተነም። ክርክሩ ከቪዲዮ ቤቱ ወጥቶ አጠገቡ ሻይ ቤት ገባ፤ እኔም ተከትዬው ገባሁ።

መጀመሪያ የተቆጣው አንድ ተማሪ ነው። «ገንዘባችንን ይመልሱልን! አስነሥተው አስነሥተው ሳይተኩሱ መመለስ ምን ማለት ነው?» አለ። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ደግፎት «እኔ ያቺን መርከብ ባገኝ ማይጨው ነበር የምወስዳት» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። መርከብ ማይጨው ምን ይሠራል? ሾፌሩ ግን አልሳቀም። «ጄቶቹን ማለቴ ነው። አራቱ ብቻ ይበቁኝ ነበር» አለ።

ሳቁም ቆመ። ማይጨው ሲባል የማይቆም ሳቅ የለማ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም የኢትዮጵያ ጦር ማይጨው ላይ ተሸነፈ፤ ሲያፈገፍግም አሸንጌ ሐይቅ ዳር አውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጋዝ አወረደበት። አራት ጄት ያንን ሰማይ ያጸዳው ነበር። ምኞት ነውር የለውም።

«ጃፓኖቹን ግን ለምን ይመቷቸዋል?» አለ ከወደ ጥግ አንድ የመንገድ ሥራው ሠራተኛ። «ድልድዩን የሚሠሩልን እኮ እነሱ ናቸው።» እንደገና ተሳቀ። ነገሩ ግን እንደቀልዱ ቀላል አይደለም። ያ ድልድይ በ2000 ዓ.ም ማብቂያ ተመርቆ የኅዳሴ ድልድይ ተብሏል። ጦርነቱ ባይሆን፣ ጃፓንም ባትሸነፍ፣ ከሽንፈቷም በኋላ ፊቷን ወደ ፋብሪካና ወደ ንግድ ባታዞር፣ ያ ድልድይ በእሷ እጅ ይሠራ ነበር? ማን ያውቃል! ከወደፊት ተነሥቶ ያለፈውን የሚደበድብ ሰው ከጠላቱ ጋር ምን አብሮ እንደሚያፈርስ አያውቅም።

ይህንኑ ሐሳብ አንድ የታሪክ መምህር አነሡት። «ፐርል ሃርበር ባይመታ አሜሪካ መቼ ጦርነት ትገባ ነበር? ባትገባስ ሂትለር ምን ይሆን ነበር? ሁለት ሺህ ሰው አድናለሁ ብለህ ሁለት ሚሊዮን ብታስፈጅስ? ስለዚህ ማዕበሉ መምጣቱ ደግ ነው። ታሪክን የነካ አብሮ ይቃጠላል» አሉ።

እዚህ ላይ ነው እስከዚያ ድረስ ፀጥ ብለው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የተናገሩት። «እኔ የተወለድኩት እዚሁ አባይ በረሃ ነው» አሉ። «አባቴ አርበኛ ነበር። እናቴም ከቤቷ ተሰዳ በረሃ ገብታ ነው የተገናኙት። ማይጨው ላይ ድል ብናደርግ ኖሮ አባቴም በአገሩ፣ እናቴም በአገሯ፤ እኔ የለሁም።»

«ታዲያ ጋሼ፣ እንኳን ተሸነፍን ነው የሚሉት?» አላቸው ተማሪው።

«አይደለም ልጄ። እኔ ልቅር፤ እነዚያ ሁሉ ይኑሩ።»

ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። መምህሩ ናቸው ቀስ ብለው፣ በአክብሮት፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎን መስጠት ይችላሉ። የልጆችዎን ግን ማን ይሰጣል?» ያሉት።

ከዚያ ወዲህ ይህችን ጥያቄ ብዙ አመላልሻታለሁ። ሰው ስለ ሌላው ብሎ «እኔ ልቅር» ማለቱ የመጨረሻው ልግስና ነው። ስለ ሌላው ሰው «አንተ ቅር» ማለት ግን ሌላ ስም አለው። ካለፈው ላይ አንዲት ክር ስትመዝ ቀጥሎ የተሸመነውን ሁሉ ትተረትራለህ፤ ከዚያ ወዲያ የተወለደውን ሕፃን፣ የታረቀውን ባላጋራ፣ የተሠራውን ድልድይ ጨምሮ። ስለዚህ ባለፈው ላይ መብት የለንም የሚሉት መምህሩ ልክ ናቸው እላለሁ።

ሆኖም ሽማግሌውም ልክ ናቸው። ያለፈው መነካት የለበትም ማለት ያለፈው ደግ ነበር ማለት አይደለም። ዛሬ ያለነው በዚያ ግፍ በኩል አልፈን ስለመጣን ግፉን «እንኳን ሆነ» እንድንለው አንገደድም። መኖራችንን ልናመሰግን እንችላለን፤ የመኖራችንን ዋጋ የከፈሉትን ግን «ለበጎ ነው» ብሎ መሸኘት ድፍረት ነው።

ክርክሩ እዚያ አላበቃም። ተማሪው እንደገና ተነሣ። «እሺ፣ እኔ ብሄድ በላይ ዘለቀን ነው የማስጥለው» አለ። ይኼኔ የማይይጨው ሳቅም የጃፓኑ ቀልድም ጠፋ። በላይ ዘለቀ ለዚህ አገር ሰው የመጽሐፍ ታሪክ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን በጎጃም ጠላትን መውጫ መግቢያ ያሳጣ አርበኛ ነው። ከነፃነት በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጋጨ፣ ተይዞ ሞት ተፈረደበት፣ ፍርዱ ወደ እስራት ዝቅ አለለት፣ ከእስር ሊያመልጥ ሲል ተይዞ በ1937 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ጣሊያን ያልገደለውን የገዛ አገሩ ገመድ ገደለው።

«ጄቶቹን ታዲያ በማን ላይ ነው የምታስነሣቸው?» ብሎ ሾፌሩ ጠየቀ። ተማሪው መልስ አልነበረውም። መልስም የለውም። ፐርል ሃርበር ላይ ጠላቱ ከውጭ የመጣ ነው፤ ክንፉ ላይ ምልክት አለው፣ ታነጣጥራለህ። እዚህ ግን ገዳይና ሟች ሁለቱም የእኛው ናቸው። በላይን ለማዳን የሚያስፈልገው ከወደፊት የሚመጣ ጄት አልነበረም። ያስፈልግ የነበረው በጊዜው የተቀመጠ ሽማግሌ፣ በጊዜው የበረደ ቁጣ፣ በጊዜው የተነገረ «ተው» ነበር። እነዚህ ሁሉ ደግሞ በ1937 ዓ.ም ነበሩ። መሣሪያው በእጅ ነበር፤ ያልነበረው ፈቃዱ ነው።

ፊልሙ ያታለለን የመሰለኝም እዚህ ላይ ነው፤ ጦርነቱን ስላላሳየን አይደለም። ፊልሙ በዝምታ የሚነግረን ነገር አለ። «ሰዎች ክፉውን ያላስቀሩት ስላላወቁ ነው፤ የሚያውቅና ኃይል ያለው ሰው ቢገኝ ያስቀረው ነበር» ይለናል። እስቲ ይህን በእኛው ታሪክ እንመዝነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የመርዙን ጋዝ፣ የሕዝቡን እልቂት ተናገሩ። ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ እንዳልሆነ፣ የትንንሽ አገሮች ሁሉ ደኅንነት የተንጠለጠለበት መሆኑንም አስረዱ። ከነገ እንደመጣ ሰው ማለት ነው የተናገሩት። ሰሚዎቹ አላወቁም ነበር? ጣሊያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን ስምምነት የፈረመች አገር መሆኗን ያውቃሉ። ኃይል አልነበራቸውም? ማዕቀብ ጥለው ነዳጁን ግን ከማዕቀቡ ውጭ የተዉት፣ የስዊዝን ቦይ ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ያደረጉት እነሱው ናቸው። ከንግግሩ ጥቂት ቀናት በኋላ ያንኑ የላላ ማዕቀብ ለማንሣት ወሰኑ። ከወንበራቸው ጠርጎ የወሰዳቸው ማዕበል አልነበረም። በጠራራ ፀሐይ፣ ቁጭ ብለው፣ እጃቸውን አውጥተው ነው።

እንዲያውም ለዚያ ለፊልሙ አዛዥ ማዕበሉ ባለውለታው ነው። ከውሳኔው ውጤት ገላገለው። ሰው ቢሞት የእሱ ጥፋት አይደለም፤ ታሪክ ቢበላሽም የእሱ ጥፋት አይደለም። እኛም የየራሳችን ማዕበል አለን። «ጊዜው አልፈቀደም»፣ «ከአቅም በላይ ነበር»፣ «የእግዜር ቁጣ ነው» እንላለን። ከዚያ ጅብ ከሄደ በኋላ እንጮሃለን።

የቅርቡንም እንመልከት። ሰኔ 2012 ዓ.ም የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች መቀሌ ድረስ ሄደው «ተነጋገሩ» ብለው ለምነዋል። የሚመጣውን ለማየት ከወደፊት መምጣት አላስፈለጋቸውም። ጥቅምት 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ተጀመረ፤ ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። ያ ዓመት ሳያልቅ፣ በክረምቱ ደግሞ፣ የአማራ ክልል በሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ፤ ጎጃምም ከዋነኞቹ ሜዳዎች አንዷ ሆነች። ወላጅ ልጁ የት እንዳደረ የማያውቅበትን ሌሊት ደጀንና አካባቢዋ በአርበኞቹ ዘመን ብቻ ሳይሆን በእኛም ዘመን አይተውታል።

የመምህሩን ክርክር እዚህ ላይ ልመልሰው። «ውጤቱን ሳታውቅ አትንካ» ላለፈው ይሠራል፤ ለዛሬ ግን አይሠራም። ዛሬን ሳይነካ የሚኖር ሰው የለም። ዝም ያለም ነክቷታል፣ ቤንዚን ያርከፈከፈም ነክቷታል፣ «ተው» ያለም ነክቷታል። ያለፈውን ብንለውጥ ሕያዋንን እንሰርዛለን። ዛሬን ብንለውጥ ግን የምንሰርዘው ገና ያልሞተ ሰውን ሞት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉ አባቶች ይህን የጊዜ ፍልስፍና ከማንም ፊልም ሠሪ በፊት ያወቁት ይመስለኛል። ቅጠል የሚሠራው ከቃጠሎው በፊት ብቻ ነዋ!

እስቲ አንባቢዬ፣ ፊልሙን ገልብጠን እንየው። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚኖር አንድ ሰው በማዕበል ተጠርጎ እኛ ዘንድ ቢመጣ ምን ይነግረናል? «እርስ በርስ ብትዋጉ ትጎዳላችሁ» ይለን ይሆን? እናውቃለን። «የገደላችሁት የወንድማችሁን ልጅ ነው» ይለናል? እሱንም እናውቃለን። ያ ምስኪን እንግዳ የሚነግረን አዲስ ነገር ሲያጣ ግራ ተጋብቶ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀን ይመስለኛል፤ «ታዲያ እያወቃችሁ ምን ትጠብቃላችሁ?»

ማይጨው ላይ የማናደርሳቸውን ጄቶች የምንመኝ እኛ፣ ዛሬን ለመለወጥ የሚበቃውን ሁሉ ይዘን ተቀምጠናል። ነገ አንድ ተማሪ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ተነሥቶ «ያኔ የነበሩት ሰዎች ተው ቢባባሉ ኖሮ» ብሎ ሲቆጭ፣ ያኔ የነበሩት ሰዎች የሚላቸው እኛን ነው።