በራስ መታመንና መመርመር በሐሳብ ትምህርት

ተማሪን ከቍጥር ትምህርት የሚያርቀው የአእምሮ ማነስ ብቻ አይደለም፤ «እኔ አልችልም» የሚል ቃል አስቀድሞ በልቡ ከተቀመጠ የተሰጠው ብልሃት ሳይፈተን ይቀራል። በመካነ ሰላም አገር በቦረና ስሙ የሚጠራው የጋሥጫው አባ ጊዮርጊስ ለዚህ ምስክር ነው። ገድሉ እንደሚናገረው በሐይቅ እስጢፋኖስ ሳለ ትምህርት አልገባው ብሎ እህል በመፍጨት ያገለግል ነበር፤ በጸሎት ተግቶ በእመቤታችን አማላጅነት ምሥጢር ከተገለጠለት በኋላ ግን መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሰ ሊቅ ሆነ። እንግዲህ ማንም መምህር በደካማ ተማሪ ላይ ተስፋ ሊቈርጥ አይገባውም።

ነገር ግን በራስ መታመን ብቻውን ይበቃልን? ባሕረ ሐሳብ ይመስክር። የ2017 ዓ.ም. ሐሳብ የሚያወጣ ተማሪ 5500ን ደምሮ ዓመተ ዓለሙን 7517 ይላል፤ በ19 ሲገድፈው 12 ይተርፋል፤ ከዚህ 1 አጕድሎ ወንበሩን 11 ያደርጋል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፥ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ይሆናል። ሁለቱም ተደምረው 30 ስለሚሞሉ የተማሪው ልብ ይጸናል።

ያን 1 ማጕደል ቢረሳና ወንበሩን 12 ቢል ግን አበቅቴው 12፥ መጥቅዑ 18 ይወጣል፤ እነዚህም ተደምረው 30 ናቸው። 11ና 19 ራሳቸው 30 ስለ ሆኑ ድምሩ የማባዛትን ስሕተት ይገልጣል እንጂ የወንበርን ስሕተት አይገልጥም። በዚያው ቢቀጥል ጾመ ነነዌን በየካቲት 3 ፈንታ በጥር 26፥ ትንሣኤንም በሚያዝያ 12 ፈንታ በሚያዝያ 5 ያውላል። ነነዌው ሰኞ፥ ፋሲካው እሑድ ስለ ዋለለት አንዳች አይጠረጥርም፤ ሕዝቡን ግን አንድ ሳምንት አስቀድሞ ጾም ያስገድፋል።

በአጠገቡ የተቀመጠው ዓይን አፋር ባልንጀራው የ2016ቱ ወንበር 10 እንደ ነበረ ያስታውስ ይሆናል፤ ከ10 በኋላ 11 እንጂ 12 እንደማይመጣም ያውቃል። ነገር ግን «ከእኔ እርሱ ይበልጣል» ብሎ ዝም ይላል። አንዱ ድፍረት ኖሮት ምርመራ አጣ፤ ሁለተኛው ምርመራ ኖሮት ድፍረት አጣ፤ ጥፋቱም በሁለቱ መካከል አለፈ።

ስለዚህ እውነተኛ መታመን «አልሳሳትም» ማለት አይደለም፤ «ብሳሳት ፈልጌ አገኘዋለሁ» ማለት ነው። ይህም የሚገኘው መምህሩ 30 ሲሞላ «ደግ አደረግህ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ «ይህ 30 የመሰከረልህ ምኑን ነው? ያልመሰከረልህስ?» ብሎ ሲጠይቅ፥ የታናሹንም ጥያቄ እንደ ድፍረት ሳይቈጥር ሲሰማ ነው።