‹‹ተጠንቀቁ›› ያለ ሰው ያለበት ዕዳ

ለመሆኑ ‹‹ተጠንቀቅ›› የሚለው ቃል ግዴታ የሚጥለው በማን ላይ ነው? በሚነገረው ሰው ላይ ብቻ ነውን? ወይስ ተናጋሪውም የሚሸከመው ነገር ይኖር ይሆን?

ይህን ጥያቄ ያስነሣችብኝ ጪጩ ናት። ጪጩ ከዲላ ወደ ወናጎ ሲኬድ የምትገኝ፣ ከአዲስ አበባ ሞያሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የሚያልፍባት ትንሽ ከተማ ናት። በጌዴኦ ምድር ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀይ ቡና ሲለቀም ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ረዳቱና የቀን ሠራተኛው ወደ መንገድ ዳር ከተሞች ይጎርፋሉ፤ ገንዘብም አብሯቸው ይጎርፋል። ሻይ የምታፈላ፣ አልጋ ቤት የምታነጥፍ፣ ቡና የምትለቅም የ17 እና የ18 ዓመት ልጅ ደግሞ ከየገጠሩ ትመጣለች። ‹‹ራስሽን ከኤች አይ ቪ ጠብቂ›› የሚለው መልእክት ለዓመታት ሲነገር የኖረው እንግዲህ እንዲህ ባሉ ከተሞች ነው።

ቫይረሱ በአገራችን መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም. ተመዘገቡ። ብሔራዊ ፖሊሲ የወጣለት ግን በ1990 ዓ.ም. ነው፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ! የእኔ ትውልድ ፀረ ኤድስ ክበብ ባለበት ትምህርት ቤት ያደገ ነው። ከትምህርቱ ይልቅ ትዝ የሚለን ግን ፍርሃቱ ነው፤ አጽሙ፣ መቃብሩ፣ የከሳው ሰውነት። ፍርሃቱም ሰውን ከበሽታው ይልቅ ከበሽተኛው አሸሸው። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ቡና መጠጣት ተወ፤ አከራይ ተከራዩን አስወጣ። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላ እንኳ፣ ሰው እንዳያየው ሌላ ከተማ ሄዶ የሚወስድ ነበር።

በእኛ መስጊዶች አካባቢ የነበረው ክርክር ደግሞ ሌላ ነው። ስለ ኮንዶም መናገር ለዚና ፈቃድ መስጠት ነው ወይስ አይደለም? እኔ ኢማሙ ከሚንበር ላይ ኮንዶም ያስተዋውቅ የምል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ነፍስን መጠበቅ ሸሪዓ ከቆመላቸው አምስት ዓላማዎች አንዱ መሆኑን ኢማም አል-ገዛሊ ከጻፉ ከ900 ዓመት በላይ ሆኗል፤ ነፍስ የተባለችውም የጻድቅ ነፍስ ብቻ አይደለችም። ‹‹ሁሉም በቀደር ነው›› ለሚለውም መልሱ የቆየ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከመንገድ ተመለሱ፤ ከአላህ ውሳኔ ይሸሹ እንደሆነ ሲጠየቁም፣ የሚሸሹት ከውሳኔው ወደ ውሳኔው መሆኑን መለሱ።

ይሁንና ይህ ክርክር ዋናውን ነገር ሸፍኖብናል ባይ ነኝ። አላህ (ሱ.ወ) ማንንም ነፍስ ከችሎታዋ በላይ እንደማያስገድድ በሱረቱል በቀራህ መጨረሻ ተነግሮናል። የፊቅህ ሊቃውንትም ግዴታን ከችሎታ ጋር አስተሳስረውታል። እስቲ በዚህ ሚዛን ‹‹ራስሽን ጠብቂ›› የተባለችውን ልጅ ጉዳይ እንመልከት። የምታድረው አሠሪዋ ቤት ነው። ደመወዟ ከወር ወር አያደርሳትም። ‹‹እምቢ›› ካለች በማግሥቱ የምታድርበት የላትም። ለዚህች ልጅ የተሰጣት ምክር ውሸት አይደለም። ግን ችሎታውን ሳንሰጣት ግዴታውን ብቻ ሰጠናት፤ ስትታመም ደግሞ ‹‹ተነግሯት ነበር እኮ›› አልን። ዘመቻው ሳያስበው ካስረከበን ነገር ሁሉ ክፉው ይህ የመክሰሻ ቃል ይመስለኛል።

የቤት እመቤቷስ? አንድ ለአንድ መወሰን የተባለውን ፈጽማ፣ በሐላል ኒካህ ቤቷ ተቀምጣለች። በሽታው የገባው ከመንገድ ከተመለሰው ባል ጋር ነው። ከኒካህ በፊት የደም ምርመራ ወረቀት መጠየቁ መልካም ልማድ ነው፤ ወረቀቱ የሚናገረው ግን ስለዚያች ቀን ብቻ ነው። በ2010 ዓ.ም. በአገራችን ከተሞች በተካሄደው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 64 ከሆኑ ሴቶች 4.1 በመቶ፣ ከወንዶች ደግሞ 1.9 በመቶ ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል። ቫይረሱ ከወንድ ወደ ሴት መተላለፍ ይቀለዋል፤ ይህ የተፈጥሮ ጉዳይ ነው። ሁሉን በተፈጥሮ ላይ መጣል ግን አይቻልም።

‹‹እንዲህማ ከሆነ ሁሉም አልቻልኩም ይላል›› የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። አይልም። ችሎታ ለሌለው ከቀለለ፣ ላለው ይከብዳል። ገንዘቡ፣ የመኪናው ቁልፍ፣ የአልጋ ቤቱ ባለቤትነት በእጁ ያለ ሰው ‹‹አልቻልኩም›› ቢል ማን ይሰማዋል? ለሾፌሮች ትምህርት የሰጡ ፕሮግራሞች እንደነበሩ አልክድም። ባለ አልጋ ቤቱንና ነጋዴውን ግን ማን አነጋገራቸው? አንዳንዱም፣ ቢከፋንም እንናገረው፣ ጁሙዓ ቀን ከፊተኛው ሶፍ ላይ የምናየው ወንድማችን ነው።

በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በድንገት ሲያቆም፣ ይህ ሥራ ምን ያህል በሰው ኪስ ላይ ተንጠልጥሎ እንደኖረ ገሃድ ወጣ። እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ሰሌዳ እንዲተከል አይደለም። በዲላና በአካባቢው በቡና የሚነግድ ወገናችን ከወቅቱ ትርፍ ላይ ሰደቃ ሲያወጣ፣ አንዲት ልጅ ከምትሠራበት ቤት ውጭ የምታድርበትን የጥቂት ወራት ኪራይ ይክፈልላት። አልጋ ቤት ያለውም የሠራተኞቹን መኝታ በር ዛሬውኑ ይመልከት፤ ከውስጥ መቀርቀሪያ ከሌለው ያስገባለት።