ከሰው ቤት የወጣ የሸክላ ዱባ

ነሐሴ ሳያልቅ፣ ገና ሙቀቱ ሳይበርድ፣ በአሜሪካ ስሪፍት ስቶር የሚባሉት ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡባቸው ሱቆች አንዱን ጥግ ብርቱካንማና ጥቁር ያለብሱታል። ዓመቱን ሙሉ ከጀርባ ሲጠራቀም የቆየው የሃሎዊን ማስጌጫ ያኔ ይወጣል፤ የራስ ቅል፣ የሌሊት ወፍ፣ የሸረሪት ድር፣ መጥረጊያ ላይ የተቀመጠች ጠንቋይ። አብዛኛው ባለፈው ዓመት ከትልልቅ መደብሮች የተገዛ ፕላስቲክ ነው። ሆም ዲፖ በ2020 ቁመቱ 12 ጫማ የሆነ አጽም በ299 ዶላር ለገበያ አቅርቦ አገር ጉድ ብሎለት ነበር። በ2023 ደግሞ አሜሪካውያን ለሃሎዊን 12.2 ቢሊዮን ዶላር ያወጣሉ ብሎ የቸርቻሪዎች ብሔራዊ ፌዴሬሽን ገምቷል። በዚያ ገንዘብ ከተገዛው ውስጥ ከፊሉ ውሎ አድሮ ስሪፍት ስቶር ይደርሳል። እኔ በዚያ በኩል ቶሎ አልፋለሁ። ዓይኔ የሚፈልገው ከፕላስቲኩ መሀል ተሸጉጦ የሚገኘውን፣ የሰው እጅ ያረፈበትን ነው።

አንዱን ላሳያችሁ። የሸክላ ዱባ ነው፤ ትንሽ ድስት ያህላል። ቀለሙ ወደ ዳማ የሚያደላ ብርቱካንማ ሆኖ በጎድጓዳ መስመሮቹ ውስጥ ጠቆር ይላል። ቀኝ ዓይኑ ከግራው ይሰፋል፤ ሸክላው እርጥብ ሳለ ቢላዋው አልፎ የሄደ ይመስላል። ከጀርባው የአምፖል ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ አለው። ስገለብጠው፣ እሳት ከመግባቱ በፊት በሹል ነገር የተጫሩ ሁለት ፊደላትና 1974 የሚል ዓመት አየሁ። አጠገባቸው፣ ከሚያብለጨልጨው ቅብ ሥር፣ የአውራ ጣት አሻራ ታትሞ ቀርቷል።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እንዲህ ያለ ሸክላ የሚሠራባቸው ሱቆች በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ነበሩ። ፈሳሽ ሸክላ ከጄሶ በተሠራ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈስሳል፤ ሲጠነክር ይወጣል፤ የሠፈር ሴቶች ተሰብስበው እያወሩ ያስተካክሉታል፣ ቀለም ይቀቡታል፤ ባለሱቁ በምድጃው ይተኩስላቸዋል። በጥቃቅን አምፖሎች የሚያበራው፣ ዛሬም በአሜሪካውያን አያቶች ቤት የሚታየው የሸክላ የገና ዛፍ የወጣው ከእነዚሁ ምድጃዎች ነው። ቅርጽ ማውጫው አንድ ቢሆንም የሚቀባው እጅ ይለያያልና አንዱ ዱባ ሌላውን አይመስልም።

ከወረቀት የተሠሩት ማስጌጫዎች ዕድል ደግሞ የከፋ ነበር። ማሳቹሴትስ ውስጥ የነበረው የዴኒሰን የወረቀት ፋብሪካ በ1909፣ ቤትን ለሃሎዊን በክሬፕ ወረቀት ማስጌጥ የሚያስተምር «ቦጊ ቡክ» የተሰኘ ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። ከጀርመን ደግሞ በወረቀት ቡኮ የተሠሩ፣ ዓይንና አፍ ያላቸው ፋኖሶች በመርከብ ይመጡ ነበር። ውስጣቸው ሻማ ይበራ ስለነበር ብዙዎቹ ተቃጠሉ፤ ከተረፉትም አብዛኞቹ በማግስቱ ተጣሉ። ለአንድ ምሽት የተሠራ ወረቀት መቶ ዓመት የሚሞላው በየዓመቱ አጣጥፎ የሚያስቀምጠው ሰው ሲያገኝ ነው። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን በውድ ዋጋ ይሻሙበታል። እኔ ስለዚያ ያጣጠፈ እጅ ሳስብ ዋጋው ይረሳኛል።

ዕቃው ሱቁ እንዴት ደረሰ? መንገዱ የቆየ ነው። በ1902 ቦስተን ውስጥ ኤድጋር ሄልምስ የተባሉ የሜቶዲስት ቄስ ከባለጸጎች ቤት ያረጀ ልብስና ዕቃ እየሰበሰቡ፣ ድሆችና ስደተኞች ጠግነው እንዲተዳደሩበት አደረጉ፤ ጉድዊል የተጀመረው እንዲህ ነው። ዛሬም በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በእንዲህ ያሉ ሱቆች የጓዳ ክፍል ውስጥ ቆመው የመጣውን ዕቃ ከሚለዩት ሠራተኞች መካከል የአገራችን ሰዎች አይጠፉም። አንዲት እናት አውቃለሁ። «እማማ፣ እንዲህ ያለው የድሮ ዕቃ ከየት ነው የሚመጣው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አንድ ሁለቱ ከመጣ፣ ልጄ፣ ሰው ቤቱን አጽድቶ ነው» አሉኝ። «ሳጥኑ እንዳለ ከመጣ፣ በላዩ በእጅ ጽሕፈት ተጽፎበት፣ አምፖሉ በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ከመጣ ግን የቤቱ እመቤት አርፋለች ማለት ነው። ልጆቿ ሳይከፍቱት ነው የሚያመጡት። እኔ ነፍስ ይማር ብዬ ነው የምከፍተው።»

ከዚያ በኋላ ያንን ጥግ የማይበት ዓይን ተለወጠ። ሃሎዊን ሞትን መጫወቻ ያደረገ በዓል ነው ይባላል። አጽሙ ይጨፍራል፤ የአረፋ ፕላስቲኩ መቃብር ላይ ቀልድ ይጻፋል። እነዚህ ግን ስለ ሞት አንዳች አይነግሩኝም። የሚነግረኝ ፈገግ ያለው ዱባ ነው። በየጥቅምቱ ከሳጥን ወጥቶ በአንድ ቤት መስኮት ላይ በርቷል፤ ልጆች በብርሃኑ ከረሜላ ቆጥረው አድገዋል፤ ከቤት ወጥተዋል። ከዚያ በአንዱ ጥቅምት የሚያወጣው ሰው ጠፋ።

የበዓሉም ሥር ከቀልድ የራቀ ነው። የምዕራብ ክርስቲያኖች ኖቬምበር 1ን የቅዱሳን ሁሉ በዓል፣ ማግስቱን ደግሞ የሙታን ሁሉ መታሰቢያ አድርገው ያከብራሉ፤ ሃሎዊን የመጀመሪያው ዋዜማ ነው። በእንግሊዝ አገር ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ድሆች በእነዚያ ቀናት ከደጅ ደጅ እየዞሩ «የነፍስ ዳቦ» ይቀበሉ፣ በምላሹም ለሰጪው ቤት ሙታን ይጸልዩ ነበር። ተዝካር ላይ ነዳያን በልተው የሚያስተሰርዩበትን ግቢ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአየርላንድና የስኮትላንድ ስደተኞች የሃሎዊንን ልማድ አሜሪካ አመጡት፤ እዚያ ሥራ ሥር እየቦረቦሩ ያበሩ የነበሩት ሰዎች እዚህ ዱባ አገኙ። ጸሎቱ በመንገድ ቀረ፤ ከደጅ ደጅ መዞሩ ቆየ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር፣ ከአራት ዓመት አንዴ በቀር፣ ጥቅምት 21 ላይ ይውላል፤ የማርያም ዕለት ነው።

በዚያ ምሽት የበረንዳ መብራታቸውን አጥፍተው ልጆቻቸውን ቤተ ክርስቲያን የሚወስዱ ወላጆች በመካከላችን ብዙ ናቸው። አልፈርድባቸውም። አጋንንትን መስሎ መታየት እኔንም ያስጨንቀኛል፤ አጽምም በቤቴ አልሰቅልም። ዱባውን ግን ገዝቻለሁ። የሠራችው ሴት እጇን ያሳረፈችበት ነገር መብራት ይገባዋል።

አንድ የማልቀበለው ነገር አለ። ከማስጌጫው ጎን፣ በአሮጌ ፍሬም ውስጥ ያሉ የማይታወቁ ሰዎች ፎቶግራፎች ይሸጣሉ። ፍሬሙን ፈልገው የሚገዙ አሉ። ሌሎች ግን ፎቶውን ራሱን ይወስዱና ዓይኑን በጥቁር ቀለም ቀብተው፣ ጥርሱን የአጽም ጥርስ አድርገው፣ ለሃሎዊን የሙት መንፈስ ብለው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ብዙዎቹ ክፉ አስበው አያደርጉትም፤ የሚያውቀው ሰው የሌለው ፊት የማንም አይደለም ብለው ነው። አንድ ቀን እንዲህ ካለ ክምር ውስጥ አንዲት የዳንቴል አንገትጌ የለበሰች ወጣት አነሳሁ። ከጀርባው በእርሳስ ሙሉ ስሟና የከተማዋ ስም ተጽፏል፤ ጽሕፈቱ የተጠነቀቀ ነው፣ ፊደሎቹ እኩል ናቸው። እንዳትረሳ የፈለገ ሰው ነበር። ዋጋዋ የተለጠፈው ልክ ስሟ ላይ ነበር።

እኛ የሞተብንን ሰው ፎቶ ለቅሶ ላይ ታቅፈን የምናነባ፣ ከዚያም ሳሎን ሰቅለን አቧራውን የምንጠርግ ሰዎች ነን። የሌላውን እናት ፎቶ ዓይን ማጥቆር ለእኔ ነውር ነው፤ ሰው አያውቃትም የሚለው ምክንያት ነውሩን አያነሳውም። የፕላስቲክ አጽሙ ሞልቷል፤ ለማስፈራራት እሱ ይበቃል።

እንግዲህ በዚህ ወቅት ስሪፍት የምትገቡ ሁሉ፣ ፎቶ ስታገኙ ጀርባውን አይታችሁ እለፉ። ስምና ቦታ የተጻፈበት ከሆነ ግዙና ለዚያ አካባቢ የታሪክ ማኅበር ላኩት። በብዙ ካውንቲዎች እንዲህ ያለ ማኅበር አለ፤ ስሙ የታወቀ ሰው ፎቶ የሚቀበሉም ብዙ ናቸው።