ጋቢውን ወደድን፣ እጁን ናቅን

ባለፈው ጥር ደብረ ታቦር ከተማ፣ አንድ የሠርግ ዳስ ውስጥ ከእኩዮቼ ጋር ተቀምጬ ነበር። ጠላው ቀርቦ፣ ጨዋታው ደርቶ፣ ወሬው እንደ ልማዱ ወደ ወጣትነታችን ልብስ ሄደ። አንዱ በ1963 ዓ.ም. ያሰፋውን ቤልቦተም ሱሪ ስፋቱን በስንዝር እየለካ አሳየን። ሌላው ካውያ የማይፈልገውን የቴትሮን ሸሚዙን አነሣ። አንዲት እኅታችን ለጥምቀት የለበሰችውን የጥልፍ ቀሚስ፣ የመቀነቱን ቀለም ሳይቀር፣ ገና ትናንት ያወለቀችው አስመስላ ነገረችን። “ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ” ተባብለን ሳቅን። እኔም እናቴ ፈትላ ያለበሰችኝን ጋቢ አወሳሁ። ሃምሳ ዓመት ከላያችን የወረደ መሰለን።

በዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ ገቡ። ዕድሜ ልካቸውን ሸማ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የሙሽራው አባት የደረበው ኩታ የእጃቸው ሥራ ነው። ሰላምታ ሰጥተው መቀመጫ ሲፈልጉ ከእኛ አንዱ ጠጋ ማለትን እምቢ አለና ያንን ሁላችሁም የምታውቁትን የሸማኔ ስድብ በሹክሹክታ ጣለ። ስድቡን እኔ አልደግመውም። ጥቂቶች ፈገግ አሉ። የቀረነው ዝም አልን። ሽማግሌው ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው ከዳሱ በር አጠገብ ተቀመጡ። ዝም ካሉት አንዱ እኔ ነበርሁ።

ልጆቼ፣ እናንተም እኩዮቼ፣ ይህን ተግሣጽ የምጽፈው ስለዚያ ዝምታ ነው። ልብሱን እናስታውሳለን እንላለን። እስቲ የምናስታውሰው ምን ያህል እንደ ሆነ ልፈትናችሁ።

የፋርጣና የጋይንት ደጋ ጥጥ አያበቅልም። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ቆሞ ውርጩን በሚሰድድብን አገር የሚበቅለው ገብስና ድንች ነው። ጥጡ ከቆላ ተጭኖ ይመጣል። እናት ገብሷን ሸጣ ጥጥ ትገዛለች። ፍሬውን በመዳመጫ ታወጣለች፤ በደጋን ትነድፋለች፤ ባዘቶውን ይዛ እንዝርቷን ታሾራለች። ለድር የሚሆነው ቀጭንና ጠንካራ፣ ለማግ የሚሆነው ልልና ለስላሳ መሆን አለበት። ይህን የሚያውቀው ጣቷ ነው። የክረምቱ ማታ ሁሉ በዚህ ያልቃል። ልጆች ተኝተው፣ እሳቱ ከስሞ፣ እንዝርቱ ሲዞር ይሰማል። ልቃቂቱ በልቃቂት ላይ እየተደረበ አገልግሉ ይሞላል። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ስለዚህ የአንድ ሰው ጋቢ የአንዲት እናት የብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነው።

ይህም ገና ክር ነው። ክሩ ወደ ሸማኔው ቤት ይሄዳል። እርሱ ድሩን አድርቶ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ፣ በእግሩ እየረገጠ በእጁ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲልክ ይውላል። ጎኑ በብርድ፣ ዓይኑ በክር ያልቃል። አንድ ክር ቢበጠስ አቁሞ ይቀጥላል። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ከተቋቋመ በኋላ ብዙው ድር የፋብሪካ ሆነ፤ ማጉ ግን የእናቶች ፈትል ሆኖ ቆየ። ዛሬም “የፈትል ጋቢ” ብለን ለይተን የምንጠራው ለዚህ ነው።

ይህ ሸማ አንደበትም ነበረው። ለቤተ ክርስቲያን ነጠላ በመስቀለኛ ይጣፋል፤ ለኀዘን ጥለቱ ወደ ላይ ይገለበጣል፤ በትልቅ ሰው ፊት ይደገደጋል። ለዳኛው፣ ለመኳንንቱ፣ ለአማቱ አደግድጎ የቆመው ሕዝብ ያንን ሸማ ለሠራው እጅ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ያውቃልን? አያውቅም። ደግሞም እወቁ፤ በጎንደር አገር ከድሮ ጀምሮ ሸማ ከሠሩት ብዙዎቹ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ነበሩ። ታቦት ስናጅብ ሜዳውን ያነጣው ልብሳችን በሌላ ሥርዓት አምላኩን በሚለምን እጅ የተሠራ ነበር። ያንን ነጭ ለብሰን ዘመርንበት፤ ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን ያለበሰንን ሰው ደጃችን ላይ አቆምነው።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። ሌላውን ገሥጾ ራሱን የሚደብቅ ሽማግሌ ተግሣጹ ፍሬ የለውም።

በ1962 ዓ.ም. ከጉና ግርጌ ከምትገኝ መንደራችን ተነሥቼ ለትምህርት ደብረ ታቦር ስገባ እናቴ አንድ ክረምት ሙሉ የፈተለችውን ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። የሠሩልን የሰፈራችን ሸማኔ ነበሩ። ለተማሪ ብለው ከዋጋው ቀንሰውልናል፤ ሲያስረክቡኝም “በጤና ልበሰው፣ ተማርበት” ብለው መርቀውኛል። እኔ ግን ከተማ በገባሁ በወሩ አፈርሁበት። እኩዮቼ ጃኬትና ቤልቦተም ለብሰው፣ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ፎቶ ቤት ቆመው ሲነሡ ጋቢዬ ገጠሬነቴን የሚያሳጣ መሰለኝ። ሱሪ ካልተሰፋልኝ ትምህርቴን አቋርጣለሁ ብዬ ላክሁባት። እናቴ ሁለት በጎች ሸጠች። እነዚያ በጎች ጠጉራቸው ተሸልቶ ለታናናሾቼ ባና ሊሠራባቸው የታሰቡ ነበሩ። እኔ ቤልቦተም ለበስሁ፤ ታናናሾቼ ያንን ዓመት በብርድ ከረሙ።

የባሰውን ልንገራችሁ። አንድ የገበያ ቀን እኒያ ሸማኔ መንገድ ላይ አገኙኝ። ከጓደኞቼ ጋር ነበርሁ። ፊታቸው በርቶ “ልጄ፣ ጋቢው ሞቀህ?” አሉኝ። የማላውቃቸው መስዬ አለፍሁ። ከኋላዬ አንዱ ጓደኛዬ ያንኑ ስድብ ተናገረና ተሳሳቅን። እርሳቸው መንገድ ዳር እንደ ቆሙ ቀሩ። ድምፃቸው እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል። ይቅርታ ልጠይቃቸው ባሰብሁ ጊዜ ዐርፈው ነበር።

ጋቢው ግን አልጣለኝም። በ1967 ዓ.ም. ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ካኪ አልብሰው ሲልኩን ቤልቦተሙ ተቀዶ፣ ፋሽኑም አልፎ ነበር። በዘመቻው ሌሊቶች ያሞቀኝ የእናቴ ፈትል ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሕዝቡን እብናት መጠለያ ላይ ባከማቸ ጊዜ፣ ራቁቷን ከአራስ ልጇ ጋር የተቀመጠች ሴት አይቼ ያንን ጋቢ ሰጠኋት። ደግ ሆኜ ሰጠሁ ብዬ አልመካም። የሰጡት እናቴና እኒያ ሸማኔ ናቸው፤ እኔ አሸክመውኝ ኖሬ አደረስሁ። ጋቢው ዛሬ ከእኔ ዘንድ የለም። ዕዳው ግን አለ።

እኩዮቼ፣ አስቀድሜ ለእናንተ እናገራለሁ። “በእኛ ጊዜ ልብስ ጨዋ ነበር” እያላችሁ ልጆቹን አታስጨንቁ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የፋሽን ትርኢትንና ሚኒ ቀሚስን ተቃውመው ሰልፍ የወጡት ያው የቀሚስ ማጠር በእኛው ዘመን ስላከራከረ ነው። ሱሪያቸው ጠበበ የምትሉም ስሙ፤ አያቶቻችን ያደነቁት እጀ ጠባብንና ባት ላይ የሚጣበቀውን ተፈሪ ሱሪ ነበር። ጥበትና ስፋት ሲፈራረቅ ይኖራል። ስንዝር ይዘን የልጅ ቀሚስ ስንለካ የራሳችንን ምላስ ሳንለካ አረጀን። “ልጄን ለሸማኔ ልጅ አልድርም” ብሎ ሽማግሌ የመለሰ ከእኛ መካከል የለም? ሸማኔ ጎረቤቱን “ዓይኑ ክፉ ነው” ብሎ ያስወራ የለም? ይህ ነው ነውሩ። በቤታችን የነገሥነው እኛ ነን፤ ልጆቻችን ስድቡን የተማሩት ከምድጃችን ዙሪያ ነው።

የቆምንባትን ከተማም አስቡ። ደብረ ታቦር ራስ ጉግሣ የቆረቆሯት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ የተቀመጡባት ናት። አጠገቧ ጋፋት አለች፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው እዚያ ነው። ያ ንጉሥ ብረት የሚያቀልጥና የሚቀጠቅጥ ሰው አጠገቡ አስቀምጦ አክብሯል። በ1860 ዓ.ም. ያንን ከባድ መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትት በገዛ እጁ ድንጋይ እያነሣ መንገድ ጠርጓል። ልብሱም እንደ ወታደሩ ተራ እንደ ነበር ያዩት ጽፈዋል። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ በ1860 ዓ.ም. በተጠረገው መንገድ እንኮራለን፤ በ1900 ዓ.ም. የተከለከለውን ስድብ ግን ዛሬም በዳስ ውስጥ እንናገራለን።

ቤተ ክርስቲያን የምትሳለሙም ስሙ። በኢዮጴ የነበረችውን ጣቢታን ታውቃላችሁ። በሞተች ጊዜ መበለቶቹ ወደ ጴጥሮስ ቀርበው የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ እያሳዩ አለቀሱ። የልብስ ትዝታ ማለት እንዲህ ነው። እነዚያ ሴቶች ልብሱን ይዘው ያለቀሱት ለእጇ ነበር። እኛ ልብሱን ይዘን ለራሳችን ወጣትነት እናለቅሳለን።

ልጆቼ፣ አሁን ወደ እናንተ መጣሁ። ፀጉራችሁንና ሱሪያችሁን አልነካም። የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለዓመት በዓል “ባህሌ ነው” ብላችሁ የምትለብሱት ጥበብ ከየት መጣ? ቻይኖች በደርግ ዘመን የሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድ እህላችንን ወስዶ ብዙ በጎ ነገር አምጥቶልናል። ዛሬ በዚያው መንገድ በማሽን የታተመ፣ ጥበብ የሚመስል ጨርቅ በጣቃ ይገባል። አንድ ቀን ይለበሳል፤ ፎቶ ይነሡበታል፤ ይጣላል። ለሚዜዎች አንድ ዓይነት ቀለም ለማልበስ አባት ይበደራል። ድሃ ሆኖ ርካሽ የገዛውን አልወቅስም፤ ብርድ ያለበት ያገኘውን ይልበስ። የምወቅሰው ለአንድ ቀን ታይታ ብዙ ብር አውጥቶ፣ ሸማኔው ደጅ ሲደርስ ግን ለጥቂት ብር ግማሽ ቀን የሚከራከረውን ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም። ያልተከፈለበት ድካምም አያደምቅም።

እናንተ ደግሞ የሸማኔ ልጆች፣ አባታችሁን አትደብቁ። ኮሌጅ ገብታችሁ ስለ አባታችሁ ሥራ ስትጠየቁ “ነጋዴ ነው” አትበሉ። የእናንተ ደብተር የተገዛው በመወርወሪያ ነው። ማፈር ያለብን እኛ ነን፤ የእኛን ዕፍረት እናንተ አትሸከሙት።

እንግዲህ የማዝዛችሁ ይህ ነው። ሥራ ስታዙ ዋጋውን ሳታጓድሉ ክፈሉ፤ ቀብዱንም በሰዓቱ ስጡ። እናታችሁ በሕይወት ካለች እንዝርቷን እንድታሳያችሁ ጠይቋት፤ ባዘቶውን ይዛችሁ አንድ ክንድ ክር ለመፍተል ሞክሩ፤ ያን ጊዜ የጋቢ ዋጋ ይገባችኋል። በዕድራችሁና በማኅበራችሁ ሰውን በሥራው የሰደበ ይካስ፣ ይቅርታም ይጠይቅ። ለጋብቻ ስትጠያየቁ ጠባይ ጠይቁ፤ የአያትን ሥራ አትቁጠሩ። ስድቡ በተነገረበት ስፍራም ዝም አትበሉ። እኔ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ አንድ ጊዜ በልጅነቴ ስቄ፣ አንድ ጊዜ በሽበቴ ዝም ብዬ። የልጅነቱ በደል ነበር፤ የሽበቱ ግን ውርደት ነው።

ከዚያ ሠርግ በሳምንቱ ወደ እኒያ ሽማግሌ ቤት ሄድሁ። ከሥራቸው ላይ ነበሩ፤ እግራቸውን ከጉድጓዱ አውጥተው ሊቀበሉኝ ሲነሡ አስቀመጥኋቸው። ነጠላዬን አደግድጌ ቆምሁና በዳሱ ውስጥ ስለ ሆነው፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት በመንገድ ላይ ስላደረግሁትም ሁሉ ነገርኋቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ “እግዚአብሔር ይፍታዎት። ግን ይህን ዳሱ ውስጥ ቢናገሩት ይሻል ነበር” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ዳሱ ፈርሷል፤ ሠርገኛውም ተበትኗል። ስለዚህ በዚያ የነበራችሁም፣ ያልነበራችሁም እንድትሰሙት እዚህ ተናገርሁት።

አዲስ ልብስ የለበሰ ሰው ስናይ “በጤና ልበሰው” ብለን እንመርቃለን። መልካም ምርቃት ነው፤ አትተዉት። ከዛሬ ጀምሮ ግን ልብሱን ስትረከቡ፣ ገና ሳትደርቡት፣ የሠራውን ሰው ዓይን እያያችሁ “እጅዎ ይባረክ” በሉ። እኔ ለመጀመሪያው ሸማኔዬ ሳልላቸው ዐርፈዋል።